ኤ ያገኘው ዘፈን የማን ነው?

ዲሲ የኖረ አበሻ ዩ ስትሪትን ያውቃል። ዘጠነኛው ጎዳና ላይ ክትፎውን በልቷል፣ ቡናውን ጠጥቷል፣ ፓርኪንግ ፍለጋ ሦስት ጊዜ ዞሯል። ከዚያ በጆርጂያ አቬኑ ትንሽ ሽቅብ ሲሉ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ስንቱ ወገናችን ተማሪ ጭኖ በዚያ ደጅ ተመላልሷል! ከ50 ዓመት በፊት ግን የዚያ ግቢ ተማሪዎች የሠሩት ዘፈን የአሜሪካን ሬዲዮ አዳርሶ እንደነበር የሚያውቅ ሰው ብዙ አይገጥመኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዶናልድ በርድ የሚባል ስመ ጥር የጃዝ ትራምፔት ተጫዋች በ1960ዎቹ መጨረሻ ሃዋርድ ማስተማር ጀመረ። (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው፤ የእኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።) በ1973 ከተማሪዎቹ መርጦ ባንድ አቋቋመ። ብላክበርድስ ተባሉ። በዓመቱ የመጀመሪያ አልበማቸው ወጣ። በ1975 ደግሞ ከሁለተኛው አልበማቸው የተወሰደ አንድ ዘፈን ቢልቦርድ በሚባለው የአሜሪካ የሙዚቃ መጽሔት የመቶ ዘፈኖች ሰንጠረዥ 6ኛ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ቀጥለው ስለ ሮክ ክሪክ ፓርክም ሠርተዋል። አዎ፣ የእኛ ሰው በበጋ ሥጋ የሚጠብስበት ፓርክ። ያንን ሙዚቃ ከብዙ ዓመታት በኋላ የሂፕ ሆፕ አቀናባሪዎች እየቆረጡ ለራሳቸው ሥራ ተጠቅመውበታል።

አሁን ስሙን ልብ በሉልኝ። ብላክበርድስ የሚለው ስም የመጣው መምህሩ በ1973 ካወጣው የራሱ አልበም ነው። የአልበሙ ስም፣ «ብላክ በርድ»፣ ደግሞ በራሱ በመምህሩ የአባት ስም ላይ የተሠራ ጨዋታ ነው። ልጆቹ የታወቁት በመምህራቸው ስም ሆነ ማለት ነው። ክፉ ነገር ነው አላልኩም። ያለ እሱ የትኛው የሙዚቃ ኩባንያ በሩን ይከፍትላቸው ነበር? ግን ክፍል ውስጥ የተወለደ ሙዚቃ የማን እንደሆነ የሚጠይቀው ጥያቄ ያኔውኑ አብሮ ተወልዷል። የተማሪው ነው? የመምህሩ? ወይስ ስቱዲዮውን የከፈተው የዩኒቨርሲቲው?

ዛሬ ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። አልበም መሥራት በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተራ የክፍል ሥራ ሆኗል። ድሮ ተማሪ የሚያስረክበው ወረቀት ነበር። አሁን አሥር ዘፈን ከነሽፋኑ አስረክብ ይባላል። ሥራውም መምህሩ መሳቢያ ውስጥ አይቀርም፤ በማግስቱ ስፖቲፋይና ዩቲዩብ ላይ ነው።

ልማዱ ግን አዲስ አይደለም። ሃዋርድ ራሱ በ1975 የተቋቋመ የተማሪዎች የጃዝ ኦርኬስትራ አለው፤ ከ1976 ጀምሮ በየዓመቱ አልበም ሲቀዳ ኖሯል። ቴክሳስ ውስጥ ዴንተን በምትባል ከተማ የሚገኘው የሰሜን ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ1947 በጃዝ ዲግሪ መስጠት ጀመረ። ያኔ «ጃዝ» የሚለው ቃል የመሸታ ቤት ሽታ ነበረው። ስለዚህ ትምህርቱን «የዳንስ ባንድ» ብለው አስመዘገቡት። የባንዶቻቸውን ስም ደግሞ «ላብ» አሉት፤ ቤተ ሙከራ ማለት ነው። ከባንዶቹ ዋናው «ላብ 75» ብሎ ያወጣው አልበም ለግራሚ ታጨ። የተማሪዎች ባንድ ለዚያ ሽልማት ሲታጭ የመጀመሪያው ነበር።

የእነዚህ ፍላጎት መጫወት ነበር፤ አልበሙ የዓመቱ ፎቶግራፍ ነው። በኋላ የመጡት ግን ንግዱንም ጨመሩበት። ቦስተን የሚገኘው በርክሊ ኮሌጅ በተማሪዎች የሚመራ የሙዚቃ ኩባንያ በ1995 ከፈተ። ሙላቱ አስታጥቄ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ የሆነበት ትምህርት ቤት ነው። ፊላዴልፊያ ያለው ድሬክስል ዩኒቨርሲቲም በ2003 የራሱን አቋቋመ። በእነዚህ ቦታዎች አንዱ ተማሪ ይዘፍናል፣ አንዱ ይቀዳል፣ አንዱ ውል ይጽፋል፣ ሌላው ጋዜጠኛ ሲለማመጥ ይውላል።

የተማሪ አልበም ሲነሳ ሁሉም የሚጠቅሳት የአሜሪካዊቷ ዘፋኝ የማጊ ሮጀርስ ታሪክ አለች። በ2016 ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ታዋቂው ዘፋኝና ፕሮዲውሰር ፋረል ዊሊያምስ እንግዳ ሆኖ ክፍል ይገባል። ተማሪዎች በየተራ የቤት ሥራቸውን ያሰሙታል። ተራዋ ደረሰ። ባንጆ እየመታች ያደገች ልጅ ናት፤ ለትምህርት አውሮፓ በሄደችበት ጊዜ የዳንስ ሙዚቃ ልቧን ወስዶት ተመልሳለች። ዘፈኑ ሲጀምር እሷ አንገቷን ደፍታለች። እሱ ፊቱ ይለዋወጣል። ሲያልቅ የሚታረም ነገር አላገኘሁበትም አላት። ቪዲዮው ዓለምን ዞረ፤ ትልቅ ኩባንያ አስፈረማት፤ በ2019 የወጣው አልበሟ በቢልቦርድ የአልበሞች ሰንጠረዥ 2ኛ ሆኖ ገባ።

ታሪኩ ያምራል። እኔ ግን ብዙ ተማሪ ያሳሳተ ይመስለኛል። ሁሉም አንድ ቀን አንድ ፋረል በር ከፍቶ እስኪገባ ይጠብቃል። ለእኔ የሚገርመኝ ከቪዲዮው በፊት ያለው ነው። የማስረከቢያ ቀን ነበራት። ዘፈኑ ለዚያ ቀን ማለቅ ነበረበት፤ አለቀም።

መጨረስ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ሙዚቃ የሚሞክር ዘመድ የሌለው ሰው የለም። ስልኩን ክፈቱት፤ 60 ጅምር ዜማ ታገኛላችሁ። አንዱ ግጥሙ አላለቀም፣ አንዱ ቅንብሩ አልጣመውም፣ አንዱ «ጊዜው ሲደርስ» የሚወጣ ነው። ጊዜው አይደርስም። የክፍል አልበም ትልቁ ጥቅሙ ይህችን ሰበብ መቀማቱ ነው።

አንድ ሴሚስተር 15 ሳምንት ያህል ነው። አሥር ዘፈን ለ15 ሳምንት ሲያካፍሉት ጊዜው የተትረፈረፈ ይመስላል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት በክርክር ያልቃሉ። ማን ይዝፈን? ስንት ዘፈን? እንግሊዝኛ ይግባበት አይግባበት? ከዚያ የስቱዲዮ ወረፋ ይመጣል። ስቱዲዮው አንድ ነው፣ ቡድኑ ስድስት። ጥሩ ሰዓት ለደረሰው ደረሰው፤ ያልደረሰው ቅዳሜ ሌሊት ይገባል። ድራም መቅዳት ብቻውን ቀን ይበላል። ማይኩን ተክሎ፣ ርቀቱን ለክቶ፣ የምትንጫረረዋን ብሎን አጥብቆ እስኪጨርሱ ድራመሩ እንቅልፉ ይመጣል። በማግስቱ ዘፋኟ ጉንፋን ይይዛታል። ቀጥሎ የግማሽ ሴሚስተር ፈተና ነው።

ሚክሲንግ፣ ማለትም የተቀዱትን ድምፆች ማመጣጠን፣ ሲጀመር የፋይሎቹን ስም ማየት ነው። «ፋይናል» ይላል። ከሥሩ «ፋይናል 2»። ከሥሩ «የእውነት ፋይናል»። ከሥሩ ደግሞ «ፋይናል ለመምህር»። አንዱ ቤዙን ከፍ ያደርጋል፤ ሌላው ሌሊት ገብቶ ዝቅ ያደርገዋል። ማስተሪንግ ላይ፣ ማለትም የመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ ላይ፣ ሲደርሱ ሁሉም የራሱ ዘፈን ከሌላው ጮክ እንዲል ይፈልጋል። እዚህ ጋ ስፖቲፋይ ትምህርት ይሰጣቸዋል። ሉፍስ በሚባለው የድምፅ መለኪያ ሁሉንም ዘፈን ወደ ኔጌቲቭ 14 ግድም ያስተካክለዋል። አፍነህ ያስጮህከው ሙዚቃ ዝቅ ተደርጎ ይለቀቃል፤ የሚተርፍህ መታፈኑ ብቻ ነው። ይህን መጽሐፍ ላይ ያነበበ ይረሳዋል። በገዛ ዘፈኑ የደረሰበት ግን አይረሳም።

በመጨረሻ ማንም ያላሰበው የቢሮ ሥራ ይመጣል። እያንዳንዱ ቅጂ አይኤስአርሲ የሚባል 12 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ ያስፈልገዋል። ለዘፈን እንደ ፋይዳ ቁጥር በሉት። ከዚያ የሚያሰራጭላቸው ድርጅት ድረ ገጽ ላይ ቅጽ ይሞላሉ። ቅጹ ላይ «የዘፈኑ ደራሲ» የሚል ባዶ ሳጥን አለ። አሥር ሳምንት ሙሉ ሲሳሳቁ የከረሙ ልጆች እዚህ ሳጥን ፊት ዝም ይላሉ።

ወደ ተነሳሁበት ተመለስኩ።

አንድ ዘፈን ሲቀዳ ሁለት ንብረት ይወለዳል። አንዱ ዘፈኑ ነው፤ ግጥሙና ዜማው። ሌላው ቅጂው ነው፤ ማስተር የሚሉት። ዘፈኑን የጻፈው አንድ ሰው ሊሆን ይችላል፣ የማስተሩ ባለቤት ደግሞ ሌላ። አሜሪካ ውስጥ ብልህ መምህር ማይክ ከመከፈቱ በፊት ተማሪዎቹን ያስቀምጥና የድርሻ ወረቀት ያስሞላቸዋል። ዜማው 50 በመቶ የእገሊት፣ ግጥሙ 30 የእገሌ፣ ያችን የጊታር ሐረግ ያመጣው 20። ይፈርማሉ። ወረቀቱ አንድ ገጽ ነው። የሚያድነው ጠብ ግን ተቆጥሮ አያልቅም።

በእኛ አገር ይህን የመሰለ ልማድ ያለ ይመስለናል። የድሮ ካሴት ሽፋን ግልብጥ ስታደርጉ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር ተብሎ በየዘፈኑ ስም ተዘርዝሯል። እንዲያውም ከብዙ የአሜሪካ አልበም የተሻለ ክብር ለጸሐፊው ይሰጣል። ግን ሽፋኑ የሚነግራችሁ ማን ምን እንደሠራ ነው፤ ማን የምን ባለቤት እንደሆነ አይነግራችሁም። ልማዱ ዘፋኙ ግጥሙንና ዜማውን በአንድ ጊዜ ክፍያ መግዛት፣ ሙዚቃ ቤቱ ደግሞ ካሴቱን ከዘፋኙ መግዛት ነበር። ብሩ አንዴ እጅ ለእጅ ይለወጣል፤ ከዚያ በኋላ ስንት እንደተሸጠ የሚጠይቅ የለም። በካሴት ዘመን ያ በመላ ይሄድ ነበር። ዘፈን በየወሩ ሳንቲም በሚያንጠባጥብበት በዩቲዩብ ዘመን ግን «ሸጥኩልህ» ያልነው የቱን ነው? ወረቀቱን ነው ወይስ ሃያ ዓመት የሚንጠባጠበውን?

ሕጉ አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም. ወጥቷል፤ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ዓ.ም. ተሻሽሏል። አዋጁ ከደራሲው ሌላ ለከዋኙና ለድምፅ ቅጂ ፕሮዲውሰሩም መብት ይሰጣል። ፕሮዲውሰር የሚለው የቀረጻውን አነሳሽነትና ኃላፊነት የወሰደውን ሰው ወይም ድርጅት ነው። አሁን ይህን ትርጉም ወስዳችሁ ክፍል ውስጥ አስገቡት። አልበሙን ሥሩ ብሎ ያዘዘው መምህሩ ነው። ስቱዲዮውም ማይኩም የዩኒቨርሲቲው ነው። ሌሊቱን ያነጋው፣ ኃላፊነቱን የተሸከመው ተማሪው ነው። ታዲያ አነሳሽ ማነው? እኔ ዳኛ ብሆን ለተማሪው እፈርድ ነበር። ተማሪ ደመወዝ የሚበላ ሠራተኛ አይደለም፤ እንዲያውም ከፋይ ነው። ግን በቃል ያልተባለና በወረቀት ያልሰፈረ ነገር ሲመጣ ዳኛ እንደ ልቡ ነው።

የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በጥቅሉ ሲታይ ተማሪ ለክፍል የሠራው የራሱ ነው ይላሉ። ቀጥሎ «ነገር ግን» ይመጣል። ተቋሙ ከተለመደው በላይ ገንዘብና ዕቃ ካፈሰሰበት ድርሻ ሊጠይቅ ይችላል። አልበም ደግሞ በተፈጥሮው ገንዘብና ዕቃ የሚፈስበት ሥራ ነው። ስለዚህ የተማሪ ኩባንያ ያላቸው ትምህርት ቤቶች ነገሩን በውል ይጨርሱታል። ውሉን ራሳቸው ተማሪዎቹ ያረቅቁታል፤ በሌላኛው ወገን የተቀመጠውም የክፍል ጓደኛቸው ነው። እኔ ከሙዚቃው ይልቅ ይህን ነው የምቀናበት።

የምቀናበት ምክንያትም አለኝ። እኔም በተማሪነቴ በቡድን ዘፈን ሠርቻለሁ። ለአንድ የምርጫ ኮርስ ነበር። አምስት ነበርን። ስቱዲዮ የሚባል ነገር ስላልነበረ ዶርም ውስጥ በመስኮቱና በበሩ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለን፣ ዘፋኙን በሁለት አልጋዎች መካከል አቁመን ቀዳን። ላብ በላብ ሆንን። ኤ አገኘንበት። ተቃቅፈን ፎቶ ተነሳን። ከስድስት ዓመት በኋላ ከአምስታችን አንዱ ያንኑ ዜማ ግጥሙን ቀይሮ፣ አሳምሮ አስቀናብሮ ዩቲዩብ ላይ በስሙ ለቀቀው። ዜማውን ያመጣችው ልጅ ደወለችልኝ። «አንተ ታስታውሳለህ አይደል? እኔ ነኝ አይደል?» አለችኝ። አስታውሳለሁ። ግን በምን ላረጋግጥላት? ያለን ማስረጃ ኤ የሚል ውጤት ብቻ ነው፤ እሱም የአምስታችን ነው። ልጁም ቢሆን ሌባ አይደለም። እሱ በእውነት አብረን ያወጣነው ይመስለዋል። ምናልባትም ልክ ነው፤ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ ማን ምን እንዳለ ማን ይቆጥራል? እስካሁን ሁለቱ አይነጋገሩም።

«ለስንት ብር ነው ይሄ ሁሉ?» የሚል አይጠፋም። ለብር አይደለም፤ ብሩማ የለም። ስፖቲፋይ ከ2024 ጀምሮ ባለፉት 12 ወራት 1,000 ጊዜ ያልተደመጠ ዘፈን ክፍያ አያስገኝም ብሏል። ብዙው የተማሪ ዘፈን እናትና የዶርም ጓደኛ ደጋግመው ሰምተውትም እዚያ አይደርስም። የማሰራጫው ዓመታዊ ክፍያ ራሱ ከሚገባው ይበልጣል። ጠቡ የሚመጣው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው፤ አንዱ ዘፈን ድንገት ሲነሳ፣ ወይም ከአምስቱ አንዱ ታዋቂ ሲሆን። ብላክበርድስም ጊዜው አልፎበት ተረስቶ ነበር። ዘፈኑን ቆርጦ የሚጠቀም ሲመጣ ግን የደራሲውን ስምና ድርሻ ማጣራት ግድ ነው።

ሌላም ጉዳይ አለ፤ የሰሞኑ። ሱኖና ኡዲዮ የሚባሉት የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መተግበሪያዎች መጥተዋል። «ሀዘን ያለበት፣ በሴት ድምፅ፣ ጊታር የበዛበት» ብለህ ትጽፋለህ። ሻይህ ሳይቀዘቅዝ ዘፈኑ ይደርሳል። ሦስቱ ትልልቅ የሙዚቃ ኩባንያዎች ያለ ፈቃድ በዘፈኖቻችን ሠልጥነዋል ብለው በሰኔ 2024 ሁለቱንም ከስሰው ነበር። ፍርዱን ለፍርድ ቤት እንተወው። መምህሩ ግን ነገ ጠዋት ክፍል መግባት አለበት። ተማሪው ያስረከበው አሥር ዘፈን የራሱ መሆኑን በምን ያውቃል?

ዘፈኑን በመስማት አያውቅም። ድርሰትም ላይ ያው ነው፤ ወረቀቱ ብቻውን አይናገርም። አልበም ግን ከድርሰት የሚሻልበት አንድ ነገር አለው። ዱካ ይተዋል። 34 ጊዜ የተዘፈነች አንዲት ስንኝ፣ መሐል ላይ የገባ ሳል፣ ድራመሩ ተሳስቶ «ይቅርታ፣ እንደገና» ያለበት። ጥሬው ፋይል ላይ ሁሉም አለ። እኔ መምህር ብሆን የማርመው እሱን ነው። የተወለወለውን አልበም ለወላጆቻቸው ይላኩ፤ ለእኔ ቆሻሻውን ያምጡልኝ። አምስት ሰው አንድ ክፍል ገብቶ አብሮ የሚቀዳበት የድሮው ዓይነት አልበም አሁን ዋጋው የጨመረ ይመስለኛል፤ ማጭበርበር የሚከብደው እሱ ስለሆነ።

ወደ አገራችን ልምጣ። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አለን፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። መሥራቹ አሸናፊ ከበደ አሜሪካ ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማሩ ሰው ነበሩ። ተማሪው ፒያኖውንም ክራሩንም፣ ቫዮሊኑንም መሰንቆውንም ያገኛል። ግሩም መዝሙርን የመሳሰሉ ሙዚቀኞች ከዚያ ወጥተዋል። ፒያኒስቱ ሳሙኤል ይርጋም እዚያ ተምሮ፣ በ2012 አልበሙ እንግሊዝ አገር በሚገኘው ሪል ወርልድ የሙዚቃ ኩባንያ በኩል ለዓለም ወጥቷል። የእኛ ልጆች አልበም ያወጣሉ። ግን ከግቢ ከወጡ በኋላ ነው። ትምህርቱ የሚዘጋው በመመረቂያ ኮንሰርት ነው፤ አዳራሽ፣ ጭብጨባ፣ አበባ።

ኮንሰርቱ ይቅር አልልም። መድረክ ላይ ቆሞ መጫወትን ምንም አይተካውም። ግን ጎን ለጎን እያንዳንዱ ክፍል በዓመት አንድ አልበም ቢቀዳ የምናገኘው ከሌላ ቦታ የማይገኝ እውቀት ነው። በበገና ላሳያችሁ።

የበገና ድምፅ ንዝረት አለው፤ ያ «ዝዝዝ» የሚለው። የሚመጣው እንዝራ ከሚባለው ነው። በእያንዳንዱ አውታርና በብርኩማው መካከል የምትገባ ቁራጭ ቆዳ ናት። በገና ደርዳሪ ሰው መጀመሪያ የሚያስተካክለው እሷን ነው፤ ንዝረቷ ካላማረ በገናው በገና አይሆንም። አሁን በገና ሰምቶ የማያውቅ የስቱዲዮ ባለሙያ ፊት አስቀምጡት። መጀመሪያ የሚያደርገው ኬብሉን መቀየር ነው። «የሆነ ነገር ይንጫረራል» ይላል። ከዚያ ጫጫታ የሚያጠፋውን ሶፍትዌር ይከፍታል። ሶፍትዌሩ ታዛዥ ነው፤ ንዝረቱን ሙልጭ አድርጎ ያወጣዋል። የሚቀረው ወፍራም ጊታር የሚመስል ነገር ነው።

ቅኝቱም ላይ ያው ነው። የዘፋኝ ድምፅ የሚያቃናው ሶፍትዌር የተሠራው በፒያኖ ልክ ነው። አንቺሆዬ የምታዜም ልጅ አንዷን ድምፅ ከፒያኖው ትንሽ ዝቅ አድርጋ ስትይዛት ሶፍትዌሩ ስህተት ናት ብሎ ወደ ላይ ይጎትታታል። መሰንቆ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ተንሸራትቶ ሲሄድ ደግሞ ደረጃ በደረጃ ይቆራርጠዋል። ዛሬ የምንሰማው ስንቱ የባህል ዘፈን እንዲህ ተቃንቶ እንደተበላሸ ጆሮ ያለው ያውቃል። ሶፍትዌሩን መቼ ማጥፋት እንዳለበት የሚያውቅ ሰው የሚገኘው መሰንቆውንም ስቱዲዮውንም አንድ ላይ የተማረ ልጅ ሲኖር ነው። እንዝራዋን በገዛ እጁ አስገብቶ፣ ማይኩን በገዛ እጁ ተክሎ፣ ሦስት ጊዜ አበላሽቶ በአራተኛው ያገኘው ልጅ።

«በጀት የለም» ይባላል፤ አውቃለሁ። ግን የሚያስፈልገው የሚሊዮኖች ስቱዲዮ አይደለም። አንድ ላፕቶፕ፣ የድምፅ ካርድ፣ ሁለት ደህና ማይኮች፣ ጸጥ ያለ ክፍል። ከአራቱ አዲስ አበባ ላይ ውዱ ጸጥ ያለው ክፍል ነው። የጎረቤት ግንባታ አለ። መብራት ሲሄድ ጄኔሬተር ይነሳል። ስለዚህ በሌሊት ይቀዳል። ተማሪ ደግሞ ሌሊት አይፈራም። የሚያስቸግረው ነገር ሌላ ነው፤ ቀረጻውን በክሬዲት ሰዓት የሚቆጥር፣ እንደ ኮንሰርቱ ነጥብ የሚሰጥ ሥርዓተ ትምህርት ያስፈልጋል። ነጥብ የሌለውን ነገር ተማሪ አይሠራም፤ እኔም አልሠራም ነበር።

አንድ የመሰንቆ ተመራቂ አውቃለሁ። የት እንደተማረ ይቅር። የመመረቂያ ኮንሰርቱ ቀን ድንቅ አድርጎ ተጫወተ፤ ነበርኩ። ባለፈው ወር ሆቴል ውስጥ ለሚጫወት ባንድ ሰው ሲፈልጉ ሄደ። «እስቲ የሠራኸውን አሰማን» አሉት። ስልኩን አውጥቶ አንድ ቪዲዮ ከፈተላቸው። አክስቱ ከኋላ ወንበር ሆነው የቀዱት ነው። የመጀመሪያዎቹ 40 ሰከንዶች የአክስቱ እልልታ ናቸው። ከዚያ የአንድ ሰውዬ ጀርባ ይመጣል፤ መሰንቆው ከሰውዬው ወዲያ ይሰማል። ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ስልክ ተደወለላቸውና ቀረጻው እዚያ ላይ ቆመ።